ቴሌግራም ግሩፕ፦ ለምን እንደገባ ለሚያውቅ ሰው (ሪቪው)

ሰላም ወገን፣ ይሄ ሪቪው ስለ ቴሌግራም ነው፣ ግን መልእክት መላላኪያነቱን አልገመግምም፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ማየት የፈለኩት ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ጉዳይ ተሰባስቦ የሚማማርበት፣ የሚረዳዳበት፣ አንዳንዴም የሚከራከርበት ቦታ ሆኖ ምን ያህል ያገለግላል የሚለውን ነው፣ ማለትም ግሩፖቹን። ውጤቴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። ይሄ 4 ግን ሴቲንጉን አስተካክሎ፣ ለምን እንደገባ አውቆ ለሚጠቀም ሰው ነው፤ እንደወረደ ከተጠቀማችሁት ከ2 በላይ አይገባውም።

ለምን መሰላችሁ፣ የቴሌግራም ትልቁ ጥሩ ነገር ምን ማየት እንዳለባችሁ ሌላ አካል አለመወሰኑ ነው። ሌሎቹን ሶሻል ሚዲያዎች ስትከፍቷቸው ፊት ለፊት የሚመጣው አልጎሪዝም የመረጠው ነገር ነው፣ ብዙ ሰው የተናደደበትና የተጨቃጨቀበት ፖስት ቶሎ ከፍ ይላል፣ እናንተ የምትፈልጉት ሰው የጻፈው ግን ጭራሽ ሳይታያችሁ ሊያልፍ ይችላል። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ነገር በተጻፈበት ሰዓት ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው፣ ከላይ የሚወጣው ግሩፕም በመጨረሻ የተጻፈበት ነው፣ በቃ። ይሄ ነጻነት ነው፣ ግን ሸክምም አለው፣ አልጎሪዝም ካልመረጠ የመምረጡ ስራ የናንተ ነው ማለት ነው። በነጻው አካውንት ብቻ 500 ግሩፕና ቻናል ውስጥ መግባት ይቻላል፣ አንዱ ግሩፕ ብቻውን እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ እስቲ አስቡት! ይሄን ያህል ሰው የሚያወራበት ውስጥ ዝም ብሎ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ስክሮል ሲያደርግ ውሎ ማታ ላይ ምን እንዳነበበ እንኳን አያስታውስም።

ስለዚህ መጀመሪያ መነካት ያለበት ነገር ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ነው ያለው፣ ማን ግሩፕ ውስጥ ሊጨምራችሁ እንደሚችል የሚወስነው። እንደወረደ ማንም ሰው ሊጨምራችሁ ይችላል፣ እሱን የምታውቋቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆን አድርጉት። ሳትጠየቁ የተጨመራችሁበት ግሩፕ ውስጥ አላማ ኖሯችሁ መሳተፍ በጣም ከባድ ነው፣ ገና ሲጀመር ያስገባችሁ የሌላ ሰው ፍላጎት ነዋ። እዛው አካባቢ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያየው የሚለውም አለ፣ ማንም እንዳያየው አድርጉና ዩዘርኔም አውጡ፣ በሱ ተገናኙ። የማታውቁት ሺ ሰው ባለበት ቦታ ስልካችሁ የሚታይበት ምንም ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ኖቲፊኬሽን። ሁሉንም ግሩፕ ሚውት አድርጉት (ድምፁን አጥፉት ማለት ነው)፣ ሁሉንም ነው የምላችሁ። "እንዴ የሚጠቅመኝ ነገርስ ቢያመልጠኝ?" ለሚል ሰው፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፑን ሚውት ብታደርጉትም ሰው በስማችሁ ጠርቶ ሲጽፍላችሁ ኖቲፊኬሽኑ ይደርሳችኋል። እናንተን የሚመለከተው ነገር ይመጣል፣ የቀረው እናንተ በመረጣችሁት ሰዓት ገብታችሁ ታዩታላችሁ። እኔ በዚህ መሀል የተለወጠውን ነገር በግልጽ ነው ያየሁት፣ ግሩፕ ውስጥ የምገባው ስልኬ ስለጮኸ መሆኑ ቀርቶ መግባት ስለፈለኩ ሆነ፣ ስገባም በደንብ አነባለሁ፣ ሰው ምን እንደጠየቀ ገብቶኝ ነው የምመልሰው።

ግሩፖቹን ለይታችሁ የምታስቀምጡበት ፎልደርም አለ፣ ከ2020 ጀምሮ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ በነጻ 10 መክፈት ይቻላል። ብዙ ሰው ፎልደር ሲከፍት ስራ፣ ዜና፣ መዝናኛ ምናምን እያለ በርዕስ ነው የሚከፍለው። እኔ በገባሁበት ምክንያት ነው የከፈልኩት፣ "የምማርበት"፣ "የማግዝበት"፣ "ሰዎቼ" ብዬ። ይሄ አከፋፈል ቀላል ይመስላል ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሳል፣ አንድ ግሩፕ ሶስቱም ውስጥ ካልገባ እኔ እዛ ምን እያደረኩ ነው? አንዳንዱ ግሩፕ ውስጥ የቆየሁት ሰው ሲጣላ ለማየት እንደሆነ የታወቀኝ ያኔ ነው፣ እነሱን ለቅቄ ወጣሁ። ይሄን አከፋፈል ከሁሉም በላይ እንድትሞክሩት እፈልጋለሁ፣ በተለይ "የማግዝበት" የሚለውን ባዶ እንዳታስቀሩት።

ግሩፕ አመራረጥ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ሊንክ ያያል፣ ጆይን ይላል፣ አለቀ። ፐብሊክ ግሩፕ (ለሁሉም ክፍት የሆነ) ከሆነ እኮ ሳትገቡ ውስጡን ማንበብ ትችላላችሁ። ሰው ቤት የገባ እንግዳ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ የቤቱን ሁኔታ እንደሚያየው ማለት ነው። እኔ የማየው አንድ ነገር ጀማሪ የሚመስል ሰው የጠየቀው ጥያቄ ነው፣ ምን ተብሎ ተመለሰለት? "ይሄንንም አታውቅም እንዴ" የተባለ ከሆነ ወይም ጥያቄው ተንጠልጥሎ ከቀረ እዛ ግሩፕ ውስጥ እናንተም ነገ እንደዛው ናችሁ። ሌላው ደሞ በጣም የምወደው ዘዴ ነው፣ የግሩፑ ሰርች ውስጥ ገብታችሁ "ሰርቷል" ወይም "አመሰግናለሁ" ብላችሁ ፈልጉ። ሰው ተመልሶ መጥቶ "ያልከኝን አደረኩት፣ ሰርቷል" የሚልበት ግሩፕ ህይወት ያለው ግሩፕ ነው። ብዙ ሺ ሰው ኖሮት እንደዚህ አይነት መልእክት የማይገኝበት ግሩፕ ደሞ ማስታወቂያና ፎርዋርድ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ቁጥሩ አያታላችሁ።

ከገባችሁ በኋላ መሳተፍ ነው ዋናው። ጃኮብ ኒልሰን የሚባለው የድረገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2006 የጻፈው የታወቀ ስሌት አለ፣ በኦንላይን ማህበረሰብ ውስጥ በግምት 90 ፐርሰንቱ አንባቢ ብቻ ነው፣ 9 ፐርሰንቱ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛውን ነገር የሚያመጣው የቀረው 1 ፐርሰንት ነው የሚል። በየግሩፑ ቁጥሩ ይለያያል ግን ነገሩን አይታችሁት ታውቃላችሁ፣ ሁሌ የሚመልሱት እነዛው ሶስት አራት ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲደክማቸው ግሩፑ ይሞታል። ዝም ብሎ ማንበብ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም፣ አዲስ ሰው መጀመሪያ ማንበቡ እንደውም ጨዋነት ነው፣ ግን አንድ ሰሞን ካነበባችሁ በኋላ የምታውቋት ትንሽ ነገር ስትጠየቅ መልሷት። በቅርብ የተማረ ሰው ለጀማሪ ከኤክስፐርት የተሻለ የሚያስረዳበት ጊዜ አለ፣ የቱ ጋ ግራ እንደሚያጋባ ገና አልረሳውማ። እኔ ዲዛይን በምማርበት ግሩፕ ውስጥ ስለ ሌየር (ዲዛይኑ የሚሰራበት አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረብ ንብርብር) የገባኝ ከኔ ትንሽ ቀድሞ የጀመረ ልጅ በስክሪንሾት ላይ ቀስት እያደረገ ስላሳየኝ ነው፣ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስትጠይቁ ደሞ በአንድ መልእክት ጠይቁ በናታችሁ። "ሰላም"፣ ከዛ "እንዴት ናችሁ"፣ ከዛ "አንድ ጥያቄ ነበረኝ"፣ ከዛ "መጠየቅ ይቻላል?" ተብሎ አራት ጊዜ የሰው ስልክ ሲንቀሳቀስ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ሰው ይሰለቻል። ምን ማድረግ እንደፈለጋችሁ፣ ምን እንደሞከራችሁ፣ ምን እንዳጋጠማችሁ አንድ ላይ ጻፉት፣ ስክሪንሾት ካለ ጨምሩ፣ ግን ስማችሁን፣ አካውንት ቁጥር፣ የሌላ ሰው መልእክት ካለበት ቁረጡት። መልስ ሲመጣ ሪፕላይ አድርጋችሁ መልሱ፣ በጅምላ ከጻፋችሁ ማን ለማን እንዳወራ አይታወቅም። ከሁሉም በላይ ግን ችግሩ ሲፈታ ተመለሱ። ቴሌግራም የጻፋችሁትን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማስተካከል ይፈቅዳል፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁን ኤዲት አድርጋችሁ "ተፈቷል፣ እንዲህ አድርጌ" ብላችሁ ጨምሩበት። አድሚኑ የድሮ መልእክት ለአዲስ ገቢ እንዲታይ ካደረገው ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ ሰው ሰርች አድርጎ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ቦታ ያገኘዋል። ለማታውቁት ሰው የተቀመጠ ስጦታ ነው ይሄ።

ሪአክሽን (መልእክት ላይ የሚቀመጠው ልብ፣ አውራ ጣት ምናምን) በ2021 መጨረሻ ላይ መጣ፣ ጥሩ ነው፣ አርባ "አመሰግናለሁ" ከሚደረደር አንድ ልብ ይበቃል። ግን ሰው ደክሞ ረጅም መልስ ከጻፈላችሁ አውራ ጣት ብቻ አስቀምጣችሁ አትለፉ፣ የትኛው ክፍል እንደጠቀማችሁ በአንድ መስመር ንገሩት። እኔ መልስ የምጽፍበት ግሩፕ ውስጥ የሚያቆየኝ ይሄ አንድ መስመር ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቃት ቆንጆ ነገር ደሞ አለች፣ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ስትቆዩ ያለድምፅ ላክ የሚል ይመጣል፣ ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው በተለያየ የአለም ክፍል ከሆነና ለእናንተ ቀን ለነሱ ሌሊት ከሆነ ተጠቀሙባት፣ ከ2019 ጀምሮ አለች።

አሁን ስለ ጸብ እናውራ፣ ግሩፕ ካለ ጸብ አለና። ጆን ሱለር የሚባል የስነልቦና ባለሙያ በ2004 በጻፈው ላይ ሰው ኦንላይን ላይ ፊት ለፊት የማይለውን ነገር ለምን እንደሚል ዘርዝሮታል፣ ማንነቱ ስለማይታወቅ፣ የሌላውን ፊት ስለማያይ፣ መልሱም ወዲያው ስለማይመጣበት እያለ። የሚገርመው ይሄው ነገር ለጥሩም ይሰራል፣ ሰው የሚያፍርበትን በሽታ፣ ሀዘን፣ ብቸኝነት ለማያውቀው ሰው የሚናገረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ግሩፕ ውስጥ ያለው ሰው ሲሳደብ ካያችሁ ምናልባት መጥፎ ሰው ሆኖ ሳይሆን ፊታችሁን ስላላየ ሊሆን ይችላል፣ እናንተም ስትመልሱ ፊቱ አይታያችሁም። ዊኪፔዲያ፣ ከ2001 ጀምሮ በማይተዋወቁ ሰዎች የሚጻፈው፣ አንድ መመሪያ አለው፣ ሌላው ሰው በቅን ልቦና እንደጻፈው አድርገህ ጀምር የሚል። እሱን ይዛችሁ ግሩፕ ግቡ፣ "ምን ማለትህ ነው?" ብሎ መጠየቅ ስንት ጸብ እንዳስቀረ እኔ ምስክር ነኝ። በጣም የተናደዳችሁበት ከሆነ መልሱን ሴቭድ ሜሴጅስ (ለራሳችሁ ብቻ የምታስቀምጡበት ቦታ) ውስጥ ጻፉት፣ እዛ ይደር፣ ጠዋት አንብቡትና መላክ ካለበት ያኔ ይላክ። ሰው ሲሳሳት ደሞ ስህተቱ ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ እዛው ግሩፑ ላይ በትህትና አርሙት፣ አጻጻፉ ወይም ጸባዩ ከሆነ ኢንቦክስ ግቡለት። ሰውን በሺ ሰው ፊት ማረም ትክክል ብትሆኑም እንኳን ያሳፍረዋል፣ ያፈረ ሰው ደሞ አይማርም፣ ይከላከላል እንጂ።

አድሚኖች ለዚህ የሚሆን እቃ አላቸው፣ እዚህ ላይ ቴሌግራም በደንብ ነው የሰራው። ስሎው ሞድ የሚባለው አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ እንደገና ለመጻፍ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋል፣ ጸብ ሲጋጋል እሳቱን የሚያወርደው እሱ ነው፣ ማንንም ማባረር ሳያስፈልግ። ሊንክ፣ ፎቶ፣ ስቲከር መላክ የሚችለውን መወሰን ይቻላል፣ የተሰረዘውንና የተለወጠውን ደሞ አድሚኖቹ ለ48 ሰዓት ማየት ይችላሉ። እኔ ጥሩ አድሚን ያለበት ግሩፕ ካገኘሁ አልለቅም፣ በነጻ እኮ ነው ሌሊቱን ስፓም ሲያጸዱ የሚያድሩት፣ አልፎ አልፎ ኢንቦክስ ገብታችሁ አመስግኗቸው።

ግን እቃው ሁሉ እያለም ግሩፕ ሲተልቅ ይበላሻል፣ ይሄ ድሮም የታወቀ ነው። ዩዝኔት የሚባለው ከድረገጽ በፊት የነበረ የውይይት መረብ ላይ በየአመቱ መስከረም ሲመጣ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገቡና ደንቡን እስኪለምዱ ትንሽ ይረበሽ ነበር፣ ከ1993 በኋላ ግን ኢንተርኔት ለሁሉም ሲከፈት የሚገባው ሰው ማቆሚያ አጣ፣ የቆዩት አዲሶቹን ማስለመድ አልቻሉም፣ "የማያልቀው መስከረም" አሉት። እኔ የነበርኩበት አንድ የመጽሐፍ ግሩፕም እንደዛው ሆኖ ነው ያየሁት፣ ስሙን አልጠቅስም፣ ትንሽ እያለ ሰው ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበ የሚወያይበት ነበር፣ ሊንኩ ትልልቅ ቻናሎች ላይ ከተለጠፈ በኋላ "ፒዲኤፍ ላኩልኝ" ብቻ ሆነ። ቴሌግራም በ2022 ቶፒክ የሚባል አምጥቷል፣ አንዱን ግሩፕ በርዕስ በርዕስ የሚከፍል፣ ይረዳል፣ ግን ሰው የማይተዋወቅ ከሆነ ክፍሉ ብቻውን ምንም አያመጣም። ምርጫ ካላችሁ ስማቸውን ማስታወስ የምትችሉት ሰዎች ያሉበትን ትንሹን ግሩፕ ምረጡ። ትልቁን ለመፈለጊያ፣ ትንሹን ለመኖሪያ።

አምስተኛዋን ኮከብ ለምን ከለከልኩት? አንደኛ ያ ሁሉ ጥሩ ሴቲንግ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ካላበራችሁት አይበራም፣ አዲስ ሰው ይሄን ማን ይነግረዋል? ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ የሚጻፍ ሁሉ በሚስጥር የተቆለፈ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። ከሚጻፈው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው፣ ማለትም ላኪውና ተቀባዩ ብቻ የሚያነቡት፣ ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው ነው፣ ግሩፕ ውስጥ የለም። ስለዚህ የጤና ወይም የቤተሰብ ጉዳይ በሚወራበት ግሩፕ ውስጥ ስትጽፉ ማንም ስክሪንሾት ሊያደርገው እንደሚችል አስባችሁ ጻፉ፣ የልጃችሁን ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የምርመራ ወረቀት አትለጥፉ። እንደዚህ አይነት ግሩፖችን በጣም ነው የማከብራቸው፣ ልጇ ታሞ እንቅልፍ ያጣች እናት ሌሊት ገብታ "እኔም አልፌበታለሁ፣ አይዞሽ" የሚላት ሰው ስታገኝ በሌላ ነገር የማይተካ ነው፣ ግን የመድሀኒት መጠን ከግሩፕ አይወሰድም፣ እሱ የሀኪም ነው። ሶስተኛ አስመሳዮች፣ የአድሚኑን ስምና ፎቶ ገልብጠው ኢንቦክስ ይገቡና ገንዘብ ወይም ኮድ ይጠይቃሉ። ዩዘርኔሙን አንድ በአንድ ፊደሉን እዩ፣ የመግቢያ ኮድ የጠየቃችሁ ማንም ይሁን ማን ብሎክና ሪፖርት አድርጉ፣ ለግሩፑም አሳውቁ።

ስለ መውጣትም ልጨምር፣ ሌፍት ማለት የጸብ ምልክት አይደለም። የገባችሁበት ምክንያት ካለቀ ውጡ፣ ትንሽ ግሩፕ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትጥፉ፣ ሰዎቹን አመስግናችሁ ምን እንዳገኛችሁ ነግራችሁ ውጡ። አድሚኑም ግሩፑ ለምን እንደጠቀመ ያውቃል፣ ከውስጡ በጣም ያገዛችሁ ሰው ካለ ደሞ በግል ኮንታክት ያዙት።

ፕሪሚየም (የሚከፈልበት ቴሌግራም) ያስፈልጋል ወይ ለምትሉኝ፣ ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም። በ2022 የመጣው ፕሪሚየም የግሩፕና ቻናል ገደቡን ከ500 ወደ 1,000፣ ፎልደሩን ከ10 ወደ 20 ያደርገዋል፣ 500 ግሩፕ ለማይበቃው ሰው ተጨማሪ 500 ምን ያደርግለታል? ነጻውን ያዙ፣ ማን ሊጨምራችሁ እንደሚችል የሚለውን ዛሬውኑ አስተካክሉ፣ ፎልደሮቹን ክፈቱ፣ "የማግዝበት" ውስጥ ምን እንዳስገባችሁ ደሞ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ጥሩ ግሩፕ ካለ እኔም ልግባ።